«አምስት ቅጠል ቀርቷል»፦ ኒክ ድሬክ እና አድማጭ ያጣው የመጀመሪያ ሸክላው

በእንግሊዝ አገር ትንባሆ በእጃቸው ጠቅልለው የሚያጨሱ ሰዎች ሪዝላ የሚባለውን ስስ ወረቀት በትንሽ ፓኬት ይገዙ ነበር። ፓኬቱ ሊያልቅ ሲቃረብ፣ አምስት ቅጠል ብቻ መቅረቱን የሚያሳስብ ጽሑፍ ከወረቀቶቹ መካከል ብቅ ይላል። በ1969 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ኒክ ድሬክ የተባለ የ21 ዓመት ድምፃዊና የዜማ ደራሲ ለመጀመሪያ አልበሙ ርእስ የመረጠው ይህችኑ የፓኬት ማሳሰቢያ ነበር። «ፋይቭ ሊቭስ ሌፍት» አለው፤ በአማርኛ «አምስት ቅጠል ቀርቷል» እንደማለት ነው። ወጣቱ ከአምስት ዓመት በኋላ ሲሞት ግን ርእሱ እንደ ትንቢት ተቆጠረ። በሱቅ መደርደሪያ ላይ የሚገኝ የጥንቃቄ ቃል የአንድ ሰው የዕድሜ ልክ መለኪያ ሆኖ ተነበበ።

ስለ ኒክ ድሬክ የሚነገረው አብዛኛው ነገር እንዲሁ ከፍጻሜው ወደ መነሻው የተነበበ ነው። ሞቱ ቀድሞ ይነገራል፤ ሥራው በሞቱ ጥላ ሥር ይደመጣል። በዚህ አነባበብ ከሁሉ ይልቅ የተጎዳው የመጀመሪያ አልበሙ ነው። ያን ሸክላ በራሱ ዘመን አስቀምጦ ለሚያደምጠው ሰው የሚገለጥለት የተሰበረ መንፈስ አይደለም። የሚሻውን ጠንቅቆ የሚያውቅ፣ በልምድ የሚበልጡት ባለሙያዎች ያዘጋጁለትን ሥራ አልፈልግም ለማለት የማያመነታ፣ ገና በሙሉ ጉልበቱ ላይ ያለ ወጣት ነው።

ኒኮላስ ሮድኒ ድሬክ የተወለደው በጁን 19 ቀን 1948 በበርማ፣ በራንጉን ከተማ ነው። አባቱ ሮድኒ ድሬክ በጣውላ ንግድ በተሠማራ የእንግሊዝ ኩባንያ ውስጥ መሐንዲስ ነበሩ። በርማ ከእንግሊዝ አገዛዝ ነፃ የወጣችው በዚያው ዓመት መባቻ ሲሆን፣ ቤተሰቡም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ እንግሊዝ ተመልሶ በዎሪክሸር ግዛት ታንዎርዝ ኢን አርደን በምትባል የገጠር መንደር ተቀመጠ። ፋር ሌይስ የሚባለው ሰፊው የጡብ ቤታቸው በዛፍና በመስክ የተከበበ ነበር። ታላቅ እኅቱ ጋብሪኤል በኋላ የታወቀች ተዋናይት ሆናለች።

በዚያ ቤት የሙዚቃ ምንጭ እናቱ ነበሩ። ሞሊ ድሬክ ፒያኖ እየተጫወቱ የራሳቸውን ግጥምና ዜማ ይደርሱ ነበር፤ ለአደባባይ ግን አላቀረቡትም። ባለቤታቸው በቤት ውስጥ በቴፕ ይቀዱላቸው ነበር። እነዚያ ቅጂዎች በሰፊው ለሕዝብ የደረሱት ሞሊ በ1993 ካረፉ ከ20 ዓመት በኋላ ነው። ሲሰሙም የብዙዎች ግርምት አንድ ሆነ። የልጃቸው ዜማ ድንገት ወደማይጠበቅ አቅጣጫ የሚታጠፍበት መንገድ፣ ሐዘኑን ጮኾ ሳይሆን ዝቅ ባለ ድምፅ የሚናገርበት ልማድ፣ ሁሉም በእናቱ ፒያኖ ውስጥ ነበረ። ስለ ኒክ ድሬክ ብቸኝነት ብዙ የሚጽፉ ሰዎች ይህን የቤት ውርስ ሲዘነጉት ይታያል።

የተማረው ማርልቦሮ ኮሌጅ በተባለ አዳሪ ትምህርት ቤት ነው። በዚያ ዘመን የሚያውቁት ሰዎች የሚያስታውሱት ፈጣን የአጭር ርቀት ሯጭ፣ ረጅምና ጠንካራ ልጅ ነው። ፒያኖ፣ ክላርኔትና ሳክስፎን ተማረ፤ ቀጥሎም በ13 ፓውንድ ጊታር ገዛ። ከዚያ ወዲያ ጊታሩ ከእጁ አልተለየም። በ1967 በደቡብ ፈረንሳይ በኤክስ አን ፕሮቫንስ ለጥቂት ወራት ተቀምጦ ከቆየ በኋላ፣ በመጸው ወራት ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ መማር ጀመረ። ከመማሪያ ክፍል ይልቅ ግን በመኝታ ክፍሉ ጊታር ሲለማመድ የሚያሳልፈው ሰዓት ይበልጥ ነበር።

ዕድሉ የተከፈተው በለንደን ራውንድሐውስ በሚባለው አዳራሽ በቀረበ ዝግጅት ነው። የታወቀው ፌርፖርት ኮንቬንሽን የተባለ ቡድን የቤዝ ጊታር ተጫዋች አሽሊ ሃቺንግስ በዚያ ምሽት መድረክ ላይ ያየው ልጅ ልቡን ነካው፤ ስሙንም ለጆ ቦይድ አደረሰ። ቦይድ በሃያዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ላይ የሚገኝ አሜሪካዊ ፕሮዲውሰር ሲሆን፣ በለንደን የራሱን ድርጅት አቋቁሞ የፎልክ ሙዚቀኞችን ሥራ ያዘጋጅ ነበር። ድሬክ በቤቱ የቀዳውን ቴፕ ወስዶ ሰጠው። ቦይድ ሰማውና ወዲያው አልበም እንሥራ አለው። አንድ ዘፈን በአደባባይ አሳትሞ የማያውቅ ተማሪ በአንድ ጊዜ የአይላንድ ሪከርድስ ባለ ውል ሆነ።

ሥራው የተቀዳው በቼልሲ በሚገኘው ሳውንድ ቴክኒክስ ስቱዲዮ ነው። ሕንፃው ቀድሞ የወተት ማከፋፈያ ነበር። ከጁላይ 1968 ጀምሮ አንድ ዓመት ለሚሆን ጊዜ፣ ስቱዲዮው ከሌሎች ቡድኖች ሥራ በተረፈ ሰዓት፣ ጆ ቦይድና የድምፅ ባለሙያው ጆን ዉድ ዘፈኖቹን አንድ በአንድ ቀዱ።

የአልበሙ ዕጣ የተወሰነው ገና በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው። ቦይድ ለቫዮሊንና ለቼሎ ክፍሎቹ ልምድ ያለውን አቀናባሪ ሪቻርድ ሂውሰንን ቀጥሮ ነበር። ቅንብሩ ተጽፎ፣ ሙዚቀኞች ተጠርተው፣ ክፍያ ተፈጽሞ ሥራው ተሰማ። የተጣራ ነበር፤ ነገር ግን ዘፈኖቹን አልመሰለም። በዚህ ጊዜ ቃል የሚቆጥበው ድሬክ ካምብሪጅ ውስጥ አንድ ጓደኛ እንዳለውና ለእሱ ቢሰጥ እንደሚሻል ተናገረ። ጓደኛው ሮበርት ኪርቢ የሙዚቃ ተማሪ ነበር፤ በስቱዲዮ ውስጥ ሠርቶ አያውቅም። ቦይድና ዉድ መጠራጠራቸው የሚጠበቅ ነው። ለአንድ ያልተፈተነ ተማሪ የባለሙያ ሙዚቀኞችን የክፍያ ሰዓት አሳልፎ መስጠት ቀላል ውሳኔ አይደለም። ወጣቱ ግን ከአሳቡ ፈቀቅ አላለም። በመጨረሻም ኪርቢ አራት ዘፈኖችን አቀናበረ፤ ሙዚቀኞቹ ማስታወሻቸውን ዘርግተው መጫወት ሲጀምሩም ጥርጣሬው በዚያው አበቃ።

ከአራቱ አንዱ «ዌይ ቱ ብሉ» ነው። በዚህ ዘፈን ውስጥ ጊታር የለም። ለጊታር አጨዋወቱ የተወደሰው ሰው መሣሪያውን አስቀምጦ፣ በቫዮሊንና በቼሎ ድምፅ ብቻ ተከቦ ይዘፍናል። የመጀመሪያ አልበሙን የሚያወጣ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያውቀውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ለማሳየት ይሽቀዳደማል። ድሬክ ግን ዘፈኑ የማይፈልገውን ነገር ለመተው፣ የገዛ እጁን ጭምር ለማሳረፍ ተዘጋጅቶ ነበር።

የአልበሙ ቁንጮ «ሪቨር ማን» ነው፤ የወንዙ ሰው። ጊታሩ የሚሄደው በአምስት ምት ነው። ሰው በዚያ ምት ቢራመድ ከባዱ ምት አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ እግሩ ላይ ይወድቅበታል፤ ስለዚህ ዜማው እንደ ውኃ ይፈስሳል እንጂ የሚያርፍበት ቦታ አያገኝም። ድሬክ ለዚህ ዘፈን የፈለገው ፍሬድሪክ ዲሊየስ የተባለውን እንግሊዛዊ የሙዚቃ ደራሲ የሚያስታውስ ቅንብር ነበር። ኪርቢ ይህ ከአቅሙ በላይ መሆኑን በቅንነት ስለገለጠ፣ ሥራው የፊልም ሙዚቃ በመድረስ ለሚታወቀው ለሃሪ ሮቢንሰን ተሰጠ። ቀረጻውም በአንድነት ተከናወነ፤ ድሬክ በስቱዲዮው መካከል ተቀምጦ እየተጫወተና እየዘፈነ፣ ሙዚቀኞቹ በዙሪያው ሆነው። ቫዮሊኖቹ ሲገቡ ጊታሩ አይፋጠንም፣ አይዘገይምም፤ እነሱ ይነሣሉ፣ ይወድቃሉ፣ እሱ በጀመረው መንገድ ይቀጥላል። የወንዙ ሰው ማን እንደሆነ ዘፈኑ አይገልጥም። ከ50 ዓመት በላይ አድማጮች ሲከራከሩበት ኖረዋል፤ ክርክሩ ባይቋጭም ዘፈኑ የጎደለው ነገር የለም።

ክራር የሚመታ ሰው የመሣሪያው ቅኝት ሲለወጥ ስሜቱም አብሮ እንደሚለወጥ ያውቃል። ድሬክ በጊታር ያደረገው ተመሳሳይ ነገር ነው። የተለመደውን የጊታር ቅኝት ትቶ ለየዘፈኑ የሚስማማ የራሱን ቅኝት ያበጅ ነበር። የቀኝ እጁ ጣቶች በአንድ ጊዜ ወፍራሙንና ቀጭኑን ክር ሲነኩ፣ ሁለት ሰው የሚጫወት ይመስላል፤ አንድም ነገር ግን ጎልቶ ለመታየት አይታገልም። በዙሪያው የተሰበሰቡት ሙዚቀኞችም የዘመኑ ምርጦች ነበሩ። ዳኒ ቶምፕሰን በቁም የሚጫወቱትን ትልቁን ቤዝ፣ ሪቻርድ ቶምፕሰን በመክፈቻው ዘፈን የኤሌክትሪክ ጊታር ተጫወቱ። የጋና ተወላጁ ሮኪ ዲጆን በኮንጋ ከበሮ «ስሪ አወርስ» ለተባለው ዘፈን የሩቅ መንገድ ስሜት ሰጠው። ከበሮው ባይኖር ያ ዘፈን ከእንግሊዝ ምድር ባልወጣም ነበር።

የአልበሙ ድባብ ሐዘን ነው፤ ይህን መካድ አይቻልም። ሐዘኑ ግን ተስፋ መቁረጥ አይደለም። ፀሐይ፣ ወንዝ፣ ዛፍ፣ ዝናብ፣ የቀን መምሸት፣ የወቅት መለወጥ በየዘፈኑ ይመላለሳሉ፤ በመስክ መካከል ያደገ ሰው የሚያያቸው ነገሮች ናቸው። መዝጊያው «ሳተርዴይ ሰን» በፀሐይ ተጀምሮ በዝናብ ያበቃል። በዚህ ዘፈን ድሬክ ፒያኖ ይዟል፤ የእናቱ ቤት ድምፅ በጉልህ የሚሰማውም እዚህ ላይ ነው። በ«ማን ኢን ኤ ሼድ» ደግሞ በራሱ ላይ የሚቀልድ ወጣት ይሰማል። ቀልዱን ያልሰማ ሰው አልበሙን በግማሽ ጆሮ ሰምቶታል።

ይህ ሥራ በ1969 በጋ ለገበያ ቀረበ፤ ያነሣው ሰው ግን ጥቂት ነበር። በሕይወት ሳለ ካወጣቸው ሦስት አልበሞች እያንዳንዳቸው ከ5,000 ቅጂ በታች እንደተሸጡ ይነገራል። ምክንያቱ የሥራው ድክመት አልነበረም። ለሬዲዮ የሚሆን ነጠላ ዜማ ተለይቶ አልወጣለትም። የሽፋኑ ጽሑፍ እንኳ የዘፈኖቹን ቅደም ተከተል አሳስቶ ነበር የታተመው። የሙዚቃ ጋዜጦች ለዘብ ያለ አስተያየት ሰጥተው አለፉ። በቢቢሲ ጆን ፒል የተባለው አዘጋጅ ዘፈኖቹን ቢያሰማም አንድ ፕሮግራም ብቻውን ገበያ አይከፍትም። በዚያ ወቅት የነገሠው የኤሌክትሪክ ጊታርና የሰፊ ሜዳ ትዕይንት ነው፤ ዝቅ ብሎ የሚናገር ሸክላ እንዲሰማ የሚያደርግ አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ባለቤቱ ከመድረክ ወደ መድረክ እየዞረ አድማጩን አንድ በአንድ ማግኘቱ።

ድሬክ ይህን ማድረግ አልቻለም። በሴፕቴምበር 24 ቀን 1969 በለንደን ሮያል ፌስቲቫል አዳራሽ የፌርፖርት ኮንቬንሽን ዝግጅት መክፈቻ ሆኖ ሲቀርብ ሕዝቡ ጸጥ ብሎ አዳመጠው፤ ወዳጆቹም መንገዱ የተከፈተ መሰላቸው። ከዚያ በኋላ የመጡት የከተማ ክበቦችና የተማሪ መጠጥ ቤቶች ግን ሌላ ነበሩ። እያንዳንዱ ዘፈን የራሱ ቅኝት ስላለው በየመካከሉ ጊታሩን መልሶ ይቃኛል፤ ደቂቃዎች ያልፋሉ። በዚያ ዝምታ ሌላ ዘፋኝ ይቀልዳል፣ ስለሚቀጥለው ዘፈን ያወጋል፣ ሰላምታ ያቀርባል። እሱ አንገቱን ደፍቶ ይቃኛል። ሰዉ ማውራት ይጀምራል፣ ብርጭቆ ይንኳኳል። ስቱዲዮ ውስጥ ታላቅ ያደረገው ጥንቃቄ መድረክ ላይ ጠላቱ ሆነ። ብዙም ሳይቆይ መድረክን ፈጽሞ ተወ።

ለዚህ ሥራ የከፈለው ዋጋም ቀላል አልነበረም። ለመመረቅ ወራት ሲቀሩት ካምብሪጅን ለቆ ወደ ለንደን ገባ። አባቱ ዲግሪ ለክፉ ቀን መጠባበቂያ እንደሚሆን በደብዳቤ ቢመክሩትም፣ ልጁ ማምለጫ ይዞ መኖርን አልመረጠም። ሁሉን ነገር የጣለው በዘፈኖቹ ላይ ነበር፤ ዘፈኖቹን ደግሞ የሚሰማቸው አልተገኘም።

ሁለተኛው አልበም «ብራይተር ሌይተር» በ1971 ወጣ። ከበሮና የነፋስ መሣሪያ ተጨምሮበት ለገበያ እንዲመች ታስቦ ተሠራ፤ ዕጣው ግን ከመጀመሪያው አልተለየም። ቦይድ ድርጅቱን ሸጦ ወደ አሜሪካ ሄደ። እሱ እንደሚተርከው በሽያጩ ላይ አንድ ቅድመ ሁኔታ አኖረ፦ የኒክ ድሬክ አልበሞች ባይሸጡም ከኅትመት እንዳይወጡ። ሦስተኛው «ፒንክ ሙን» በ1971 በሁለት ሌሊት ብቻ፣ ድሬክና ጆን ዉድ ለብቻቸው ሆነው ተቀዳ። 28 ደቂቃ ነው፤ ጊታር፣ ድምፅ እና በአንድ ዘፈን ላይ ጥቂት ፒያኖ።

ያን ጊዜ በድብርት ሕመም ተይዞ ነበር። ወደ ወላጆቹ ቤት ተመለሰ፤ በ1972 ለአምስት ሳምንታት ሆስፒታል ተኛ። ወላጆቹ በሌሊት ሲሄድና ሲመጣ እየጠበቁ፣ በር ክፍት እየተዉ፣ ልጃቸው ወደማይደርሱበት ጸጥታ ሲገባ አዩ። በ1974 ጥቂት አዳዲስ ዘፈኖች ለመቅዳት ወደ ስቱዲዮ ተመልሶ ነበር። በዚያው ዓመት በኖቬምበር 25 ቀን በ26 ዓመቱ በወላጆቹ ቤት አረፈ። የመረመረው የሕግ ባለሥልጣን ራሱን እንዳጠፋ መዘገበ፤ ቤተሰቡና ወዳጆቹ ግን በዚህ ፍርድ አንድ ዓይነት ስሜት አልነበራቸውም። አመዱ በታንዎርዝ ኢን አርደን የቅድስት ማርያም መግደላዊት ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ በኦክ ዛፍ ሥር ተቀበረ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ከመጀመሪያው አልበም አንዱን ዘፈን እንድናስታውስ ያደርጋል። «ፍሩት ትሪ»፣ የፍሬ ዛፍ፣ ዝና ባለቤቱ አፈር ከገባ በኋላ ስለማበቡ ይናገራል። የ20 ዓመት ልጅ ይህን ሲጽፍ ስለ ራሱ መተንበዩ ነበር የሚሉ ብዙ ናቸው። የሥነ ጽሑፍ ተማሪ በወጣትነታቸው የሞቱ ባለቅኔዎችን እያነበበ ስለ እነሱ መጻፉ ግን ይበልጥ ለእውነት የቀረበ ነው። በ1979 ሥራዎቹ ተሰብስበው ሲታተሙ የተሰጣቸው ስምም ይኸው የዚህ ዘፈን ርእስ ነው። ወጣቶች ከሩቅ አገር እየመጡ የፋር ሌይስን በር አንኳኩ፤ ሮድኒና ሞሊ ድሬክ ተቀብለው ሻይ አጠጡ፣ የልጃቸውን ክፍል አሳዩ፣ የቤት ቅጂዎችን አካፈሉ። በ1999 ቮልስዋገን «ፒንክ ሙን»ን በአሜሪካ ቴሌቪዥን ለመኪና ማስታወቂያ ሲጠቀምበት ሽያጩ እንደ ጎርፍ ጨመረ። በ2003 ሮሊንግ ስቶን መጽሔት የምንጊዜም 500 ምርጥ አልበሞችን ሲመርጥ ሦስቱም ከዝርዝሩ ገቡ።

ዝናው ሲመጣ ግን በመጨረሻው በር ነው የገባው። አዲስ አድማጭ ቀድሞ የሚያገኘው «ፒንክ ሙን»ን፣ ከሱም ጋር የሐዘኑን ታሪክ ነው፤ ወደ «ፋይቭ ሊቭስ ሌፍት» ሲደርስ ጆሮው ቀድሞ ተፈርዶበታል። በአዋቂነቱ የተነሣ ተንቀሳቃሽ ምስል አለመኖሩም ሰውየውን ይበልጥ ጥላ አስመስሎታል።

በ2025 የዚህ አልበም የዝግጅት ቅጂዎች ለሕዝብ ቀረቡ። ከመካከላቸው አንዱ በ1968 በካምብሪጅ የተቀዳና ከ50 ዓመት በላይ በአንድ የቀድሞ የዩኒቨርሲቲው ተማሪ እጅ የቆየ ቴፕ ነው። በቴፑ ላይ ድሬክ ዘፈኖቹን ለኪርቢ እየተጫወተ፣ በመካከሉ ቆም ብሎ ስለ ቅንብሩ ያለውን አሳብ ያብራራል። ድምፁ ለስላሳ ነው፤ አይቸኩልም፣ አይንተባተብም።